ፋኒ ሄሴ፦ የወጥ ቤት ዕውቀትን ለሳይንስ ያወረሱ እናት

በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በከላላ ደጋዎች የሚኖር ቤተሰብ በዐይን የማይታዩ ፍጥረታትን ሲያረባና ሲጠብቅ ዘመናት አልፈውታል። እናቶች ከቦካው ሊጥ ላይ ያቀረረውን እርሾ ቀንሰው ለሚቀጥለው ቡኮ ያኖራሉ፤ የእርጎውን ቅል ከነቅሪቱ ያቆዩታል፤ የጠላውን ጥንስስ በጋን ያዘጋጃሉ። ብርዱ ሲጠና ሊጡ መቡካት እንደሚዘገይ፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ፈጥኖ እንደሚነሣ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። የዚህ ዕውቀት ሳይንሳዊ ትርጉም አጭር ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ምግብ፣ ውኃና ሙቀት ሲያገኝ ይራባል፤ ሲቀዘቅዝ ያንቀላፋል።

ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ማጥናት በጀመሩበት ዘመን ያስቸገራቸው ነገር እዚሁ ላይ ነበር። በአንድ እርሾ ውስጥ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ተደባልቀው ይኖራሉ። የትኛው በሽታ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ደግሞ ምንም ጉዳት እንደሌለው ለማወቅ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ለብቻው ማሳደግ ያስፈልጋል። ለዚህም ንጹሕ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በሙቀት የማይቀልጥ ጠንካራ መኝታ ያሻል። ያን መኝታ ለዓለም ያስገኙት ሴት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አልነበሩም። የሦስት ልጆች እናት፣ የባለቤታቸው የቤተ ሙከራ ረዳት፣ ጥሩ ሠዓሊና የተዋጣላቸው ባለሙያ የነበሩት ፋኒ ሄሴ ናቸው።

ፋኒ አንጀሊና አይልሼሚየስ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1850፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1842 ዓ.ም፣ በአሜሪካ ኒውዮርክ ተወለዱ። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ለመጫን ገና አምስት ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር። የፋኒ አባት ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በንግድ የበለጸጉ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ከስዊዘርላንድ ወገን ነበሩ። ፋኒ ከአሥር ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ፤ ከእነዚያም አምስቱ በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ። የሀብታም ቤት ልጆች እንኳ በቀላሉ በሚቀጠፉበት በዚያ ዘመን ሞቱን የሚያመጣው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። በሕይወት ከቀሩት ወንድሞቻቸው አንዱ ሉዊስ ሚሼል አይልሼሚየስ ኋላ በአሜሪካ የታወቁ ሠዓሊ ሆነዋል።

ፋኒ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእናታቸውና ከቤቱ ሠራተኞች ምግብ ማዘጋጀትንና ቤት ማስተዳደርን ተማሩ። በ15 ዓመታቸው ደግሞ የፈረንሳይኛ ቋንቋና የቤት አያያዝ ትምህርት እንዲቀስሙ ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም፣ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የመቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያልፉ፣ ፋኒ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከዚህ ደጋ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር በዚያ ጊዜ አልነበረም። የኋላ ሥራቸው ግን ዛሬ የወሎ ገበሬ ለባቄላው በሚገዛት ሕያው ማዳበሪያ ውስጥ፣ የወሎ ሕመምተኛም በሚያደርገው ምርመራ ውስጥ ይገኛል።

ፋኒ የሕይወት አጋራቸውን ያገኙት በሕክምና ባለሙያዎች መካከል ነው። ዋልተር ሄሴ እ.ኤ.አ. በ1846 በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት የተወለዱ ሐኪም ነበሩ። በፈረንሳይና በጀርመን ጦርነት ጊዜ በሐኪምነት አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ በሚመላለስ የመንገደኞች መርከብ ላይ ሐኪም ሆነው ሠሩ። ሁለቱ ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1874 በጄኔቫ ተጋቡና ኑሯቸውን በሳክሶኒ አደረጉ። ዋልተር የማዕድን ቆፋሪዎች በሚበዙበት ተራራማ አካባቢ የአውራጃ ሐኪም ሆኑ። ቆፋሪዎቹን ይገድል የነበረው የሳንባ ሕመም ካንሰር መሆኑን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በጥናት አሳወቁ። ይህ ሥራ ሰው ስለሚተነፍሰው አየር ይበልጥ እንዲጠይቁ አነሣሣቸው። በአየር ውስጥ ስንት ተሕዋስያን አሉ? ከየትስ ይመጣሉ? የሚሉት ጥያቄዎች ወደ ሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ መሯቸው።

ሮበርት ኮክ በዚያን ጊዜ በበርሊን ይሠሩ የነበሩ ስመ ጥር ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1876 የአባ ሰንጋ በሽታ በባክቴሪያ እንደሚመጣ አረጋግጠዋል። አባ ሰንጋ ለወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በሬውን ድንገት የሚጥል፣ ሥጋውን የነካውንና የበላውንም ሰው የሚለክፍ ክፉ በሽታ ነው። ኮክ ባክቴሪያን ለይቶ ለማሳደግ መጀመሪያ የተጠቀሙበት ነገር የተቀቀለ ድንች ነበር። ድንቹ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጥና ገጹ ላይ ተሕዋስያኑ ይደረጋሉ፤ እያንዳንዱ ባለበት ቦታ ተራብቶ ነጠብጣብ የመሰለ መንደር ይሠራል። ነገር ግን ድንች ብርሃን አያሳልፍም፤ ሁሉም ዓይነት ባክቴሪያም አይበቅልበትም። ስለዚህ ኮክ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣውን ጄላቲን ከሥጋ መረቅ ጋር አዋሕደው መጠቀም ጀመሩ።

ጄላቲን ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። ሁለት ከባድ ጉድለቶች ግን ነበሩበት። የመጀመሪያው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ብዙ ሳያልፍ መላላትና መቅለጥ ይጀምራል። በሰው አካል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ በደንብ የሚያድጉት በ37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ባክቴሪያዎች ጄላቲኑን ራሱን ይመገቡታል፤ መኝታው በእንግዶቹ ይበላና ውኃ ይሆናል። ዋልተር ሄሴ የአየር ተሕዋስያንን ለመቁጠር ውስጣቸው በጄላቲን የተቀቡ የብርጭቆ ቱቦዎችን ይጠቀሙ ነበር። በበጋው ሙቀት ጄላቲኑ ሲቀልጥ የብዙ ቀን ድካማቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከንቱ ይቀር ነበር።

ወይዘሮ ፋኒ በዚህ ሥራ ውስጥ ተመልካች አልነበሩም። ለተሕዋስያኑ የሚሆነውን መረቅ ያዘጋጃሉ፤ ዕቃዎቹን ያጸዳሉ፤ በማጉያ መነጽር የሚታየውንም በቀለም ይሥላሉ። የባለቤታቸውን ኪሳራ በየቀኑ ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ታዲያ ዋልተር አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው፤ እርሳቸው የሚያዘጋጁት የፍራፍሬ ጄሊና ጣፋጭ በሙቀት ጊዜ እንኳ ሳይቀልጥ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ምሥጢሩ አጋር-አጋር የሚባል ነገር ነበር። ፋኒ ይህን ዕውቀት ያገኙት በኒውዮርክ ሳሉ፣ በጃቫ ደሴት ኖረው ከመጡ ሆላንዳውያን ጎረቤቶቻቸው ነው። በጃቫ ሙቀት ጄላቲን ስለማይረጋ የሀገሬው ሰው ጣፋጩን የሚያረጋው ከባሕር አረም በሚወጣው በዚህ ነገር ነበር።

አጋር ቃሉ የማላይ ቋንቋ ነው። በአማርኛ አጋር ማለት ረዳትና ደጋፊ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም ለሥራው የሚገባ ስም ነው። የሚገኘውም ቀይ ከሚባሉ የባሕር አረም ዓይነቶች ነው። በጃፓን ለዘመናት ሲዘጋጅ የኖረበት መንገድ የደጋ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነው። አረሙ ይቀቀላል፤ ውኃው ተጠልሎ ይረጋል፤ ከዚያም በክረምቱ ብርድ ደጅ ይሰጣል። ሌሊት ውርጩ ያደርቀውና ያጠነክረዋል፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው በረዶው ቀልጦ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ይህ እየተደጋገመ ንጹሕና ደረቅ አጋር ይቀራል። በሳይንትና በለጋምቦ ከፍታዎች ቡቃያን የሚያቃጥለው ውርጭ በጃፓን ተራሮች የሥራ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ዛሬ ሳይንስ እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሃይድሮጅል ይላቸዋል፤ ውኃን በውስጡ አቅፎ የሚቆም፣ የማይፈስ ነገር እንደ ማለት ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 15 ግራም ያህል አጋር ብቻ ይበቃል። ከመቶ 98 እጅ ያህሉ ውኃ ሆኖ ሳለ የቀረው ጥቂቱ እንደ መረብ ተያይዞ ውኃውን አስሮ ይይዘዋል። አጋር ለመቅለጥ 85 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ አንዴ ከቀለጠ በኋላ ግን ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ አይረጋም። በዚህ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ለባለሙያው ትልቅ ጥቅም አለው። ተሕዋስያኑን ሳይገድል ለብ ያለውን አጋር ያፈስሳል፤ ከረጋ በኋላም በሰው አካል ሙቀት ልክ ለቀናት ያቆየዋል። በዚያም ላይ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች አጋርን ሊመገቡት አይችሉም። የሚመገቡት በውስጡ የተጨመረላቸውን መረቅ ብቻ ነው።

ዋልተር ሄሴ የባለቤታቸውን ምክር ሞክረው እንደ ሠራላቸው ባዩ ጊዜ ለሮበርት ኮክ አሳወቁ። ኮክም ጥቅሙን ወዲያው ተረዱ። እ.ኤ.አ. በማርች 24 ቀን 1882፣ በእኛ መጋቢት 1874 ዓ.ም፣ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘታቸውን በበርሊን ለጉባኤ አበሰሩ። ያ ግኝት የተደገፈው በዋናነት በረጋ የደም ውኃ ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት በታተመው ጽሑፋቸው ግን አጋርም በአጭሩ ተጠቅሷል። አጋርን ማን እንዳመጣው፣ ሐሳቡስ ከማን ቤት እንደ ወጣ አልተጻፈም። የፋኒ ስምም የዋልተር ስምም በዚያ ቦታ የለም። ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ የኮክ ረዳት የነበሩት ሪቻርድ ፔትሪ አጋሩ የሚፈስስበትን ክዳን ያለው ዝርግ ሳህን አስተዋወቁ። ሳህኑ እስከ ዛሬ በፔትሪ ስም ይጠራል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ነገር ግን ያለ ባለቤት ስም ቀረ።

የሄሴ ቤተሰብ ከዚህ ግኝት ገንዘብ አላገኘም፤ አልጠየቀም። ዋልተር በውኃ፣ በወተትና በአየር ንጽሕና ላይ ምርምራቸውን ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ቤተሰቡ ወደ ድሬስደን ከተማ ተዛወረ። ፋኒም ልጆቻቸውን እያሳደጉ ለባለቤታቸው ጥናቶች ሥዕል መሥራታቸውን አላቋረጡም። ካሜራ እንደ ዛሬው በማይገኝበት በዚያ ዘመን የባክቴሪያ መንደሮችን ቅርጽና ቀለም በትክክል የሚያስቀር እጅ ለሳይንስ እጅግ ያስፈልግ ነበር። ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1911 ዐረፉ። ፋኒ ከእርሳቸው በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሩ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነትና ተከትሎት የመጣውንም የኑሮ ውድነት አዩ። በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚታወሰው፣ ስለ አጋር ነገር ራሳቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማቸው የለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1934፣ በኅዳር 1927 ዓ.ም፣ በ84 ዓመታቸው በድሬስደን ዐረፉ። ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር አንድ ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር።

ከሞቱ ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአጋርን ታሪክ መርምረው በአንድ የባክቴሪያ ጥናት መጽሔት ላይ አሳተሙ። ተራው የአጋር ማብቀያ በወይዘሮ ሄሴ ስም እንዲጠራም ሐሳብ አቀረቡ። ስያሜው አልጸናም፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አልቀረም። ብዙ ሳይቆይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና ዋናዋ የአጋር አምራች ጃፓን ከምዕራቡ ዓለም ጋር ተቆራረጠች። አጋር ሲጠፋ ሆስፒታሎችና የክትባት ፋብሪካዎች ተጨነቁ፤ ብሪታንያ፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ በየባሕር ዳርቻቸው ተመሳሳይ አረም ፍለጋ ወጡ። የጣፋጭ ማርጊያ የነበረው ነገር በስልሳ ዓመት ውስጥ መንግሥታት የሚሹት ዕቃ ሆነ።

የፋኒ ሄሴ ውርስ ተሕዋስያንን በማሳደግ ብቻ አልተወሰነም፤ በማቆየትም ጭምር ነው። በቤተ ሙከራ አጋሩ ገና ሳይረጋ ቱቦው ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ ሲረጋ ገጹ እንደ ተዳፋት ይሆናል። የተፈለገው ባክቴሪያ በዚያ ተዳፋት ላይ ይዘራል፤ ካደገ በኋላ ወደ 4 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። በአጋሩ ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፤ ብርዱ ደግሞ እድገቱን ይገታዋል። እንዲህ ሆኖ ለወራት ይቆያል። ወራቱ ሲያልፉ ወደ አዲስ አጋር ይዛወራል፤ እናቶች እርሾን ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው እንደሚያሻግሩት ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት መቆየት ካለበት ግን ይህ አይበቃም። በየጊዜው ሲዛወር ጠባዩን ሊለውጥ ወይም በሌላ ተሕዋስ ሊበከል ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከግሊሰሪን ጋር አዋሕደው እስከ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያቀዘቅዙታል፤ አለዚያም በቅዝቃዜ አድርቀው ዱቄት አድርገው ያኖሩታል።

ከባሕር አረም የሚወጣ ሌላ ሃይድሮጅልም በዚሁ ሥራ ላይ ውሏል። አልጂኔት ይባላል፤ የሚገኘው ቡናማ ከሚባለው አረም ነው። ባክቴሪያው ከአልጂኔት ጋር ተዋሕዶ ካልሲየም ወዳለበት ውኃ ጠብታ በጠብታ ሲንጠባጠብ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ወዲያው ረግቶ እንደ ትንሽ ዶቃ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ በዶቃው ውስጥ ታቅፈው ይቀመጣሉ። በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጡ ለረጅም ወራት በሕይወት ይቆያሉ፤ አፈር ውስጥ ሲገቡም ዶቃው ቀስ በቀስ ይፈርስና ይለቃቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን መንገድ ለእርሻ የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎችን ለማቆየት ያጠኑታል።

በሀገራችን ይህ ዓይነቱ ሥራ የራሱ ተቋማት አሉት። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከሰብል ዘር ጎን ለጎን ረቂቅ ተሕዋስያንንም ሰብስቦ በቅዝቃዜ ያቆያል። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የአባ ሰንጋን፣ የአባ ጎርባንና የሌሎች በሽታዎችን ክትባት ያመርታል። ክትባቱ የሚሠራበት ዘረ ባክቴሪያ ንጹሕነቱ ተጠብቆ በቅዝቃዜ ካልኖረ ክትባቱ ዋጋ የለውም። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና በመናገሻ ባዮቴክ ድርጅት ደግሞ ለጥራጥሬ ሰብል የሚሆነው ሕያው ማዳበሪያ ላይ ተሠርቷል።

ይህ የመጨረሻው ነገር የምዕራብ ደቡብ ወሎ ገበሬን በቀጥታ ይነካዋል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ከአየር ናይትሮጅንን ወስደው ለራሳቸው ማዳበሪያ ማድረግ የሚችሉት ብቻቸውን አይደለም። በሥራቸው ላይ በሚወጡት ጉብጉብ እባጮች ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ይሠራላቸዋል። ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ይህን ባክቴሪያ ከእባጩ ለይተው ያሳደጉት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ዛሬ ይህ ሥራ የሚሠራው በአጋር ላይ ነው። ባለሙያው የተሻለ እባጭ ያፈራውን የባቄላ ተክል ከማሳ ይነቅላል፤ እባጩን አጥቦ ይፈጨዋል፤ ጭማቂውን በአጋር ላይ ይዘራዋል፤ ከሚወጡት ነጠብጣቦች መካከል ትክክለኛውን ለይቶ ያራባዋል። ከዚያ በኋላ ከተፈጨ ተሸካሚ አፈር ጋር ተዋሕዶ በከረጢት ታሽጎ ለገበሬው ይደርሳል።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ዩሪያ ደረቅ ኬሚካል አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነው። ገበሬው ሲገዛ የማብቂያ ጊዜውን ማየት፣ ወደ ቤቱ ሲወስደውም ከፀሐይ መከለል ይገባዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ከእሳት አጠገብ የተቀመጠ ከረጢት ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። በሣር ክዳን ቤት ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ጥግ ማቀዝቀዣ ባይሆንም ከፀሐይ ይሻላል፤ የደጋው አየርም ያግዛል። ዘሩ ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ ረጠብ ተደርጎ ከማዳበሪያው ጋር የሚለወሰው በጥላ ሥር ነው። ከፀረ ተባይና ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር መቀላቀል የለበትም። ከተለወሰ በኋላ ሳይውል ሳያድር ተዘርቶ ወዲያው በአፈር ይሸፈናል። ለባቄላ የተዘጋጀው ለሽምብራ እንደማይሠራም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሽምብራ የራሱ የሆነ ባክቴሪያ አለው። ባክቴሪያው ሥራውን እየሠራ መሆኑን ለማየት ደግሞ ባቄላው ሲያብብ አንድ ተክል በጥንቃቄ ቆፍሮ ማውጣት ይበቃል። እባጩ በጥፍር ሲከፈት ውስጡ ቀላ ብሎ ከታየ ናይትሮጅን እያመረተ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።

ለከተማ ነዋሪውም ነገሩ ቅርብ ነው። አንድ ሕመምተኛ የማይድን ቁስል ወይም ተመላላሽ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሲይዘው ሐኪሙ ካልቸር የሚባለውን ምርመራ ሊያዝዝለት ይችላል። ናሙናው በአጋር ላይ ይዘራል፤ በሰው አካል ሙቀት ልክ ያድራል፤ ያደገው ባክቴሪያ እንደገና በሌላ አጋር ላይ በስሱ ይዘራና ገና ሳያድግ የተለያዩ መድኃኒቶች የተነከሩባቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ይቀመጣሉ። ባክቴሪያው የሚፈራው መድኃኒት ዙሪያውን ባዶ ክብ ይሠራል፤ የማይፈራው ግን ወረቀቱ ድረስ ያድጋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚህ መሠረት ነው። ውጤቱ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀው ባክቴሪያው ለማደግ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው እንጂ ባለሙያው ስለሰነፈ አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ፣ ጀምሮም ማቋረጥ፣ በዚያ ሳህን ላይ ወረቀቱን የማይፈሩ ባክቴሪያዎችን እያበዛ ነው። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ደግሞ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ያቋረጠውን ሰው ብቻ መርጦ አይጎዳም።

የፋኒ ሄሴ ታሪክ ሌላም ጥያቄ ያነሣል፤ የቤት እመቤት ዕውቀት የማን ነው? አጋርን በምግብ የለወጡት የጃፓንና የጃቫ ሰዎች ናቸው፤ ሆላንዳውያኑ ጎረቤቶች አመጡት፤ ፋኒ ከወጥ ቤት ወደ ቤተ ሙከራ አሻገሩት፤ ክብሩ ግን ለረጅም ጊዜ ለሌሎች ሆነ። ይህ ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከጤፍ ጋር በተያያዘ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት ለሀገሪቱ ያሰበችውን ጥቅም አላስገኘም፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያስመዘገበው የባለቤትነት መብትም ዓመታት ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በሆላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ ተደርጓል። በሀገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ይደነግጋል። ረቂቅ ተሕዋስያንም የጄኔቲክ ሀብት ናቸው። የሳይንት እናት እርሾና የቦረና ማሳ ራይዞቢየም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

ሕግ ብቻውን ግን ዕውቀትን አያቆይም። የትኛዋ መንደር እርጎ በብርድ ፈጥኖ እንደሚረጋ፣ የየትኛው ቤት እርሾ ለገብስ እንጀራ እንደሚስማማ፣ የየትኛው ማሳ ባቄላ ያለ ማዳበሪያ እንደሚያፈራ የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ደጋ መኖሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም በየቀበሌው መሠማራታቸው ይህን ጠይቆ ከነባለቤቶቹ ስም ለመመዝገብ መልካም ዕድል ነው። ፋኒን ባለቤታቸው የጠየቋቸው አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ እርሳቸውም የሚያውቁትን ነገሯቸው። ልዩነቱ ጥያቄው መጠየቁና መልሱ በሥራ መፈተኑ ነው። ዛሬ ከበርሊን እስከ ቢሾፍቱ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ፣ ማለዳ ቤተ ሙከራውን የሚከፍት ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈላው አጋር ነው።